አንዴ ብቻ የሚጠየቅበት ክፍል

ያን ጠዋት እኔና ልጄ ከምንኖርበት ከብሪክስተን አውቶቡስ ስንይዝ የትምህርት ቤት ማመልከቻው ሊዘጋ አንድ ቀን ቀርቶት ነበር። ባለቤቴ ሰፈራችን ያለውን መርጧል። እኔ ግን ክፍያ የማይጠየቅበትን የሞንቴሶሪ ትምህርት ቤት ሳላይ አንደኛ ምርጫ አልሞላም ብያለሁ። የአራት ዓመት ልጃችን ቤት ውስጥ አፏ አይዘጋም፤ መዋዕለ ሕፃናት ግን ዓመት ሙሉ ዝም እንዳለች ነው። ዝምታው የሚብስባት ቦታ እንዳልወስዳት ፈርቼ ነበር።

እኔም አስተማሪ ነኝ፣ ገና ሁለተኛ ዓመቴ። ክፍሉን እንዳየሁት ወደድኩት። መደርደሪያው በልጅ ቁመት ልክ ነው። ሥራው ሁሉ በየትሪው ተቀምጧል፤ ልጁ ራሱ መርጦ ያነሳል፣ ሲጨርስ ቦታው ይመልሳል። ለጉብኝት ልጁን ይዞ የመጣ ወላጅ ጥግ ላይ ይቀመጣል፤ መናገርም ምልክት መስጠትም አይፈቀድለትም።

መምህርቷ ልጄ አጠገብ ተንበርክካ ሁለት ትንንሽ ጆግ የያዘ ትሪ አሳየቻት። ውሃውን ካንዱ ወዳንዱ መገልበጥ ነው ሥራው።

«በዚህ መሥራት ትፈልጊያለሽ?»

«ኖ፣ ታንክ ዩ» አለች ልጄ። ዓይኗ ግን ከጆጉ አልተነቀለም።

መምህርቷ ፈገግ ብላ ትሪውን መለሰችና ሄደች።

ወዲያው ገባኝ። ሰው ቤት ስንሄድ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፦ መጀመሪያ ሲሰጡሽ «አይ፣ ይቅርብኝ» ትያለሽ፤ «በሞቴ» ሲሉሽ ትቀበያለሽ። እዚህ ደግሞ የልጅ እምቢታ ይከበራል፤ ማንም አይለምንም።

ልጄ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ክፍሉ መሃል ቆመች። አምስት ደቂቃ። አሥር። ሌላ ልጅ መጥቶ ያንን ትሪ አነሳው። በዓይኗ ተከተለችው። ዞራ ስትፈልገኝ ምልክት እንዳልሰጣት ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። እስከ መጨረሻው ምንም አልነካችም።

ስንወጣ መምህርቷን በር ላይ ያዝኳትና ነገሩን አንድ በአንድ አስረዳኋት።

«ታዲያ ስንቴ ልጠይቃት?» አለችኝ።

«ሦስቴ ይበቃል።»

«እኔ አንዴ ጠይቄ እጠብቃለሁ። ብዋሽሽ ጥሩ አይደለም። ግን አሁን አይ ማለቷ እምቢታ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ከአጠገቧ ቶሎ አልነሳም።»

ስንመለስ በባለ ሁለት ፎቁ አውቶቡስ ላይኛው ክፍል ከፊት ተቀመጥን።

«ለምን አይ አልሽ፣ እናቴ?» አልኳት።

«እንደገና ትጠይቀኛለች ብዬ ነዋ። እሷ ግን ረሳችኝ።»

«አልረሳችሽም። እዚያ አንዴ ነው የሚጠየቀው። ከፈለግሽ ወዲያው እሺ ማለት ነው።»

«አያቴ ቤትም?»

ማስረዳት እወዳለሁ፤ እንጀራዬም ነው። ግን «አያትሽ ቤት እንደ ድሮው» ብል ልጄ ሁለት ሕግ ይዛ ልታድግ ነው። አንዱን ብተውስ የቱን?

«አያትሽ ቤትም» አልኳት።

«አያቴ ትቆጣለች።»

«ለእሷ እኔ እነግራታለሁ።»

ስልኬን አወጣሁና ሳልወርድ ማመልከቻውን ከፈትኩ። ሞንቴሶሪውን አንደኛ፣ የሰፈራችንን ሁለተኛ አደረግኩ። ከዚያ ይህንኑ ልነግረው ለባለቤቴ ደወልኩለት።