ካቨሩ ሥር የነበረው

እብድ ናት እንዳትሉኝ ፈርቼ እስካሁን ለማንም አላወራሁትም። ሪያድ፣ መላዝ የሚባል ሰፈር ሰው ቤት ስሠራ የፓስፖርት ስሜ ዘይነብ ነበር፤ የብር መስቀሌን ከባጥሐ ገበያ በገዛሁት አዲስ ስልኬ ካቨር ሥር ሸሽጌ ነበር የምኖረው። የምተኛው የማዳም አማት፣ የማማ ከቢራ ክፍል ነው። አሮጊቷ ሽባ ናቸው፤ በሁለት ዓመት ጣታቸው ሲንቀሳቀስ አላየሁም። የማጥባቸውም የማጎርሳቸውም እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ማዳም ያለ ገመድ የሚሠራ ቻርጀር ሰጠችኝ። እዚያው ማማ ከቢራ የተኙበት ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ያለው ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ስልኬን ባስቀምጥበት መብራቱ ብልጭ ይልና ይጠፋል። የራሷን ሞከረች፤ ወዲያው ሠራ።

«ካቨርሽ ሥር ብረት ነገር አለ። ቆይ ልክፈተው» ስትል የአስር ሶላት አዛን ተሰማ። «ያላ ዘይነብ፣ መጀመሪያ እንስገድ።»

ስልኩን እዚያው ትቼ ሳሎን ከጎኗ ቆምኩ። ስታጎነብስ አጎነበስኩ፤ ልቤ ግን ካቨሩ ሥር ነበር። ኸላስ፣ ዛሬ አለቀልኝ አልኩ።

ስንመለስ ካቨሩን በጥፍሯ ፈልቅቃ ከፈተችው። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ምንም የለውም!» አለች። ስልኩን መልሳ ስታስቀምጠው መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።

እሷ እንደወጣች ጠረጴዛውን፣ ምንጣፉን ዳበስኩ፤ መስቀሌ የለም። ቤቱ ውስጥ ደግሞ ከሦስታችን ሌላ ሰው አልነበረም። ግራ ገብቶኝ የማማ ከቢራን እጅ ላጥብ ተቀመጥኩ። ቀኝ እጃቸው ጭብጥ ብሏል። ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ስዘረጋቸው መስቀሌ መዳፋቸው ውስጥ ነበር።

ቀና ብዬ አየኋቸው። ዓይናቸው በሩ ላይ ነው፤ ማዳም እንዳትመጣ የሚጠብቁልኝ ይመስል።