ለመኪና የቆጠርሁት ትውልድ

ይህን ነገር ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለሚስቴም፣ ለንስሐ አባቴም። ለንስሐ አባቴ በየዓመቱ የምነግረው ኃጢአት አጥቼ አይደለም፤ ጾም እገድፋለሁ፣ ሰው አማለሁ፣ በትንሽ ነገር እቆጣለሁ። እሳቸውም እነዚህን ለምደዋቸዋል፤ ትንሽ ስግደት ይሰጡኝና እንለያያለን። ይህን ግን ጉሮሮዬ ላይ እንደያዝሁ ስንት ጊዜ ከቤታቸው ወጣሁ። ምን ብዬ ልጀምረው? «አባቴ፣ ስለ አንዲት መኪና ክብር ሰው አጠፋሁ» ብላቸው ገጭቼ የገደልሁ ይመስላቸዋል። ገጭቼ አልገደልሁም። መንዳትም አልችልም። እኔ ያደረግሁት ማውራት ብቻ ነው። ስለዚህ አንተ ስማኝ፤ ስግደቱን እንኳ አታዝልኝም።

የመኪናዋን ፋብሪካ ስም አልጽፍም። ዛሬም እየሠራ ይሸጣል፤ እኔ በስሙ የተናገርሁትንም እሱ አልተናገረም። ስሟ ሲጠራ ሰው ሳያውቀው ድምፁን ዝቅ የሚያደርግላት ዓይነት መኪና ናት ካልሁ ይበቃል።

በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ገደማ ብቸና የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆኜ ተመደብሁ። ብቸና ለአዲስ አስተማሪ ከባድ አገር ነው። ዙሪያው የቅኔ ቤት ነው፤ ጠጅ ቤት ገብቼ አንድ ነገር ስናገር ዜማውንም ቅኔውንም የተማረው ሁሉ ቃሌን አገላብጦ ያየውና ፈገግ ብሎ ወደ ጨዋታው ይመለሳል። ያነበብኋቸው መጻሕፍት እዚያ ከቁም ነገር አልተቆጠሩም። ሰው እኔን መስማት የጀመረው ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከአዲስ አበባ በዚያች መኪና የመጡ ቀን ነው።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ባላቸው የሞቱባቸው ባለ ርስት ነበሩ። ሞጣም ብቸናም መሬት ነበራቸው፤ ብቸና ፍርድ ቤትም ከአጎታቸው ልጆች ጋር ይሟገቱ ነበር። መኪናዋን የገዟት ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ነው። ጥቁር ናት፣ ረጅም ናት፣ በሯ ሲዘጋ እንኳ አትጮኽም። የገበያው ሰው ከቧት «ይቺ ደግሞ የምን ዘር ናት?» ሲባባል እኔ አወቅኋት። አንድ ያረጀ የውጭ መጽሔት ላይ ስለ እሷ አንድ ገጽ አንብቤ ነበር። አንድ ገጽ። በዚያ ሳምንት ግን ከዚያ ገጽ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አወጣሁ።

ምን ያላልሁት አለ? ሞተሯ እየሠራ ላዩ ላይ ጢም ያለ ብርሌ ቢያስቀምጡ ጠብታ አይፈስም አልሁ። በጥፍሩ የጫራት ሠራተኛ ልጁም የልጅ ልጁም እፋብሪካው ደጃፍ አይደርስም አልሁ። ከእሷ ወገን መንገድ ላይ የቆመች አንዲት እንኳ የለችም አልሁ። ገጹ ላይ ከእነዚህ አንዱም አልነበረም። ገጹ ላይ የነበረውን ደግሞ ዋጥሁት፤ የፋብሪካው መሥራች የቀጥቃጭ ልጅ ነበር። እኛ አገር ቀጥቃጭን ሰው እንዴት እንደሚያየው ታውቃለህ፤ ማረሻውን ያሠራበታል፣ ልጁን ግን አይድርለትም። ያንን ብናገር መኪናዋ በአንድ ከሰዓት ትዋረድ ነበር። ስለዚህ መሥራቹን የባላባት ልጅ አደረግሁት። አያቱ ቀጥቃጭ ሆኖ የተገኘበት የርስት ተሟጋች የሚያደርገውን አደረግሁ።

«መምህር፣ እስቲ የመኪናዋን ንገሩን» ይሉኝ ጀመር። ብርሌዬ አይጎድልም። የሚያላግጡብኝ ሁሉ አፋቸውን ከፍተው ይሰሙኛል። እኔ ይህን ወደድሁት። መውደድ ብቻ አይደለም፤ ያለሱ መኖር አቃተኝ።

ከሚሰሙኝ አንዱ የመኪናዋ ሾፌር ታምራት ነበር። ቀጠን ያለ፣ ዝምተኛ፣ ከጅማ ወገን የመጣ፣ ሰው ቤት ያደገ ሰው ነው። አንድ ቀን ጠጋ ብሎ «መምህር፣ ይኸን ያህል ጊዜ ስነዳት እንዲህ ያለች መሆኗን አላወቅሁም ነበር» አለኝ። ያላገጠብኝ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ከልቡ ያመነኝ እሱ እንደ ነበር የገባኝ በጣም ዘግይቶ ነው።

ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ወደ ሞጣ ይዘውኝ ሄዱ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ለዘመዶቻቸው የመኪናዋን ታሪክ እንዳወራላቸው ነው። አወራሁላቸው፤ ሞጣ ላይ ከብቸናም አሳመርሁት። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ብቸና ፍርድ ቤት ቀጠሮ ነበራቸው። የመጨረሻ ቀጠሮ ነው፤ ከቀሩ ያ ሁሉ መሬት ይሄዳል።

ጎሕ ሲቀድ ፊቴን ልታጠብ ወጣሁ። መኪናዋ ግቢው ውስጥ ቆማለች። ከአፍንጫዋ ሥር ያለው ደረቅ መሬት የሰፌድ ያህል ረጥቧል፤ ጎንበስ ብዬ ሳይ ውኃው ጠብ ይላል። ሌላ ሰው አልነበረም። እኔ ምን አደረግሁ? ሰው ጠራሁ? አልጠራሁም። ሌሊቱን በአፌ ያነገሥኋት መኪና ጠዋት እንደ ሕፃን አርጥባ ሳገኛት አፈርሁላት። በጫማዬ አፈር ገፋ ገፋ አድርጌ እርጥቡን አለበስሁት፤ የዘመድ ነውር እንደሚሸፈን ሸፈንሁላት። ከዚያ ታምራት ጀሪካን ተሸክሞ መጣና ውኃ ሞላት። ሲሞላ ጥቂት ፈሰሰበት።

ጥቂት ቆይቶ መሬቱ እንደገና ሲረጥብ አየ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከዘመዶቻቸው ጋር ሊሳፈሩ ሲወጡ ጠብቆ «እሜቴ፣ ውኃ ታፈሳለች። አውቶቡሱ አልተነሣም፤ እርስዎ በሱ ይቅደሙ፣ እኔ አበጅቻት እደርሳለሁ» አላቸው።

ወይዘሮዋ አውቶቡስ የሚለውን ቃል እንደ ስድብ ሰሙት። ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ አንተ ምን ትላለህ?»

ዘመዶቻቸው ሁሉ ያዩኛል። ሌሊቱን ያወራሁት ገና ከጆሯቸው አልወጣም። አንድ ቃል ነበር የሚጠበቅብኝ፤ «እውነቱን ነው፣ እኔም አይቻለሁ» ማለት። እኔ ግን «እሜቴ፣ ይቺ መኪና መንገድ ላይ አትቆምም። ሲሞላት ያፈሰሰው ይሆናል» አልሁ። ሳቁ። አንዷ አክስት «ሾፌሩ ሞጣ ላይ የምታሳድረው አግኝቶ ይሆናላ» አለች፤ የበለጠ ተሳቀ። ታምራት አንገቱን ደፍቶ በሩን ከፈተላቸው።

ግንደወይን ስንደርስ ታምራት ውኃ ጨመረላት። ከዚያ አልፈን ዳገቱን ስንጀምር ጢስ የመሰለ እንፋሎት ሸፈነን፤ ሞተሯ አንድ ጊዜ አቃሰተና ደርቆ ቀረ። ታምራት ወርዶ ከፊቷ ቆሞ አያት። አውቶቡሱ ብዙ ሳይቆይ አቧራውን እያለበሰን አለፈን፤ ሞልቶ ነበርና አልቆመልንም። በጭነት መኪና ብቸና ስንደርስ ፍርድ ቤቱ ተዘግቷል፤ ጉዳዩም በሌሉበት ተወስኗል።

እንዲህ ያለ ኀዘን የሚያርፍበት ሰው ይፈልጋል። በሁለተኛው ቀን ታምራት በአጎት ልጆች ተገዝቶ መኪናዋን ሆን ብሎ አበላሽቷል ተባለ። በአውቶቡስ ይሂዱ ማለቱ እንኳ ማስረጃ ሆነበት፤ «ራሱ ባያበላሻት እንደምትቆም በምን አወቀ?» አሉ። ወይዘሮዋ ለፖሊስ ከመክሰሳቸው በፊት ሽማግሌ ይየው ተብሎ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተሰበሰብን። ሰብሳቢው ግራዝማች ውቤ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በርስት ሙግት ያሳለፉ ጨዋታ አዋቂ ሽማግሌ።

ደንቡ ቀላል ነው። ምስክር ከሌለ ተከሳሹ ይምላል፤ ከማለ ነፃ ይወጣል፣ ስሙም ይነጻል። ታምራት ለመማል ቆሟል። ነጠላውንም መስቀለኛ አጣፍቷል። ግራዝማች ግን ነገር ማጣፈጥ ይወዱ ነበርና «እስቲ ቆይ። የመኪናዋስ ወገን የታለ? እሷ መናገር አትችል። ትውልዷን የሚቆጥርላት ዘመድ አላት?» አሉ።

ሰው ሳቀና ወደ እኔ ዞረ። «መምህር አለላት እንጂ» አለ አንዱ ከኋላ።

እኔ ተነሣሁ። ማንም አላስገደደኝም። ተነሥቼ ቆጠርሁ። የርስት ተሟጋች እንደሚቆጥር አድርጌ ከአቅኚው አባት፣ ከመሥራቹ፣ ጀምሬ ቆጠርሁ፤ የባላባቱ ልጅ የመጀመሪያይቱን ወለደ፣ እሷ ንጉሥ ተሸክማ በረዶ የተሻገረችውን ወለደች፣ ያቺ ደግሞ ይቺን። ቅኔ አዋቂዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ተሰምቼ አላውቅም፤ እንደዚያ ደስ ብሎኝም አያውቅም። ይህንን ልብ በል፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

«ከዚህ ሁሉ ዘር መንገድ ላይ የቆመች አለች?» አሉ ግራዝማች፤ አሁን አይስቁም።

«የለችም።»

«ውኃ አፍስሳለች ይላል። አብረኸው ነበርህ።»

«እኔ ያየሁት ሲሞላት ያፈሰሰውን ነው።»

ታምራት ቀና ብሎ አየኝ። በቁጣ አልነበረም። አንድ ነገር ጠፍቶበት የት እንዳስቀመጠው ለማስታወስ እንደሚሞክር ሰው ነበር።

ግራዝማች ወደሱ ዞሩ። «አንተስ ልጄ፣ ዘርህን የሚቆጥርልህ፣ አመሉን አውቀዋለሁ የሚልህ ሰው አለ?»

«እዚህ የለኝም፣ አባቴ» አለ።

«እንግዲያ ምስክር ተገኝቷልና መሐላው ይቅር» አሉ።

መሐላውን የነጠቅሁት እኔ ነኝ። ሰውየው ያለው ቃሉ ብቻ ነበር፤ እሱንም እኔ ወሰድሁበት። ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ወይዘሮ ጥሩወርቅ እግር ሥር ተንበረከከ። ላልሠራው ሥራ «ይቅር ይበሉኝ፣ እሜቴ» አለ። እሳቸውም «ምሬሃለሁ» አሉ፤ አልከሰሱትም። ወደ ሥራው ግን አልመለሱትም፤ ወሬው ቀድሞት ስለሚደርስ ሌላም ሰው መሪ አላስጨበጠውም። እኔ ያን ቀን ጠጅ ቤት ሄጄ ተሞገስሁ።

ወጣት ነበርሁ ልበል? ከተማሪዎቼ አንዱንም ዋሽቶ «ወጣት ነኝ» ሲለኝ አልማርሁትም። ዘመኑ ነው ልበል? ስለዚያ ዘመን ብዙ ጽፌያለሁ፤ ሰውን በዘሩ ይመዝን እንደ ነበር፣ ለትልቅ ስም ይሰግድ እንደ ነበር። አንዳንዶቹ ጽሑፎቼ ተወድደውልኛል። ነገር ግን ዘመኑ በጎሕ ተነሥቶ ሞጣ ግቢ ውስጥ በጫማው አፈር አልገፋም። እኔ ነኝ የገፋሁት።

ይህ ብቻ ቢሆን ምናልባት ለንስሐ አባቴ እነግራቸው ነበር። የሚያፍነኝ ሁለተኛው ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ በሞጣ ሳልፍ ወፍጮ ቤት ደጃፍ አገኘሁት። ዱቄት ከራስ እስከ እግሩ አልብሶታል፤ ሞተሩን እሱ ነው የሚያንቀሳቅሰው። «መምህር» ብሎ ተነሣልኝ፣ ጎንበስ ብሎም ጨበጠኝ። ትንሽ ልጁን ሻይ እንድታመጣልኝ ላካት። ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ከፈትሁ፤ እሱ ቀደመኝ።

«ያቺን ቀን ብዙ አሰብኋት፣ መምህር። ልክ ነበሩ። እኔ ነኝ ያፈሰስሁት። የእሜቴ ቀጠሮ አስፈርቶኝ እየተቻኮልሁ ነበር የሞላኋት፤ ከዚያ የራሴን ውኃ አይቼ እሷ ላይ አላከክሁ። እንዲያ ያለች መኪና በከንቱ አትቆምም። አንድ ነገር አጉድዬባት ይሆናል እንጂ።» ከዚያ ሳቅ አለ። «ይኸው እስከ ዛሬ አንድ ነገር ዘግቼ ስጨርስ ሦስቴ ተመልሼ አያለሁ። ራሴን አላምነውም።»

ምን ጠበቅሁ? ምን ይከለክለኝ ነበር? ግራዝማች የሉ፣ ወይዘሮዋ የሉ፣ የሚያጨበጭብልኝ የለ። ልጅቱ ሻዩን ይዛ መጣች።

«ይቺ ልጄ ያቺን መኪና መንዳቴን አታምነኝም» አለ። «እስቲ ከአፍዎ ትስማ፤ ትውልዷን ይቁጠሩላት።»

ቆጠርሁላት። ከባላባቱ ልጅ ጀምሬ አንድም ሳላጎድል ቆጠርሁላት። አባቷ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አብሮኝ ይል ነበር፤ በቃሉ ያውቀዋል። ልጅቱ እሱን ቀና ብላ አየችው፤ እሱም ዱቄቱን ከፊቱ ጠራርጎ ኮራ ብሎ ተቀመጠ። ሻዬን ጠጥቼ ሄድሁ።

ታምራት ከዚያ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ማረፉን ሰማሁ። ስለዚህ ይቅርታ የምጠይቀው የለኝም፤ አንባቢንም አልጠይቅም፣ የሚምረኝ እሱ ነበርና። ልጁ ግን ትኖራለች፤ ማንበብም ትችል ይሆናል። እንዲህ ብዬ እመሰክርልሻለሁ፣ ልጄ፤ የቆጠርሁልሽ ትውልድ ውሸት ነው፣ የመኪናዋ አባት የቀጥቃጭ ልጅ ነበር። ያ ውኃ ደግሞ አባትሽ ጀሪካኑን ይዞ ከመምጣቱ በፊት እመሬቱ ላይ ነበረ። አይቻለሁ። አፈር ያለበስሁት እኔ ነኝ።