ከመሰላል የወደቁት የወፍጮ ቤታችን መካኒክ

መርሳ ወፍጮ ቤት እህል እመዝን በነበረበት ጊዜ ማሽኑን የሚጠግኑልን አንድ የሲሪንቃ ሰው ነበሩ። በዕድሜ አባቴን ይበልጣሉ። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «የኔ ልጅ» ይሉኛል። እሳቸው ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን፤ ጾም ስይዝ ሚስታቸው ለእኔ ለብቻዬ የጾም ወጥ ይልኩልኝ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት መብራት ጠፋ። ገበያተኛው ማሽላውን ይዞ በር ላይ ተኮልኩሏል። ከላይ ያለው ኩሽኔታ ሲጮህ ሰንብቶ ስለነበር ጋሼ ማሽኑ እንደቆመ ግራሶ ሊቀቡት አሰቡ። ሁልጊዜ መሰላሉን የሚይዝላቸው ተሸካሚያችን ግን ከጋሪ ጆንያ ሊያወርድ ወጥቷል።

«ይጠብቁት እንጂ ጋሼ፣ አሁን ይመጣል» አልኳቸው ከሚዛኑ ማዶ።

«መብራቱ ከመጣ ይኼን ሁሉ ሰው ማን ያስቆመዋል? ቶሎ እወርዳለሁ።»

ቢስሚላህ ብለው ወጡ።

ወለሉ ሊሾ ነው፤ ዱቄት አያጣውም። የመሰላሉ እግር ሲንሸራተት አየሁ። ጋሼ አልጮኹም። ማሽኑ የቆመበት ብረት ላይ በጀርባቸው ወደቁ።

ሮጬ ስደርስ ዓይናቸው እንደተገለጠ ነው።

«አብሽሪ፣ ደህና ነኝ» አሉኝ። ቀጥለው «ጫማዬን አውልቂልኝማ፣ እግሬን ከበደኝ።»

ጫማቸው ሲወድቁ ወልቆ ወዲያ ማዶ ተጥሏል። ባዶ እግራቸውን በሁለት እጄ ይዤዋለሁ።

«ወልቋል ጋሼ። እግርዎን እኮ ይዤዋለሁ።»

እጄን ቀና ብለው ለማየት ሞከሩ፣ አልቻሉም።

«ያ ረቢ» አሉ፣ ቀስ ብለው።

ሳንቃ ላይ አስተኝተን በሚኒባስ ወልድያ ወሰድናቸው፤ ከዚያ ወደ ደሴ ተላኩ። አከርካሪያቸው ተሰብሮ ነበር። ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ከወገባቸው በታች ምንም አይሰማቸውም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ ሲሪንቃ እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። አንድ ቀን፣

«ኩሽኔታው ተቀየረ?» አሉኝ።

«ተቀየረ። ከወልድያ መካኒክ መጥቶ።»

«መሰላሉን ያዙለት?»

«ሁለት ሰው ያዘለት።»

«ደግ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ትንሽ ተቀምጬ ወጣሁ፤ መርሳ እስክደርስ ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ።

ማሽላ በሚታጨድበት ሰሞን ትኩሳት ያዛቸው፣ በዚያው አረፉ።

ጎናቸው እንዳይቆስል ሚስታቸው ቀንም ሌትም ሲያገላብጧቸው ነው የከረሙት። ወንዶቹ ከቀብር ተመልሰው፣ እኛ ሴቶቹ ከሚስታቸው ጋር ተቀምጠን ሳለ፣ ለጎረቤት የሆነ ነገር እያወሩ ድንገት ብድግ ብለው ወደ ጓዳ ሄዱ። የጓዳው በር ላይ ቆመው የጋሼን ባዶ አልጋ ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡ፣ ሻሻቸውን አስተካከሉ፣ ወሬውን ሊቀጥሉ ሞከሩ። ምን እያሉ እንደነበር ግን ጠፍቶባቸዋል።