ትርፍ ጊታር

ማዘንጊያ ወልደጻድቅ በድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ነበረች። ከአዋሽም ይሁን ከጅቡቲ የሚደውል ሰው «ሃሎ» ከማለቱ ማን እንደሆነ ታውቃለች። ጉንፋን ጀምሮት ከሆነም ከራሱ ቀድማ ትነግረዋለች። ትዳር ሳትይዝ፣ ከታላቅ እህቷ ከተሻለች ጋር ከዚራ ሰፈር ውስጥ አባታቸው በኖሩበት ሁለት ክፍል ቤት ትኖር ነበር። በአንደኛው ክፍል ግድግዳ ላይ አራት ጊታሮች ተሰቅለዋል።

የመጀመሪያው ኢጣሊያ ሠራሽ ኤኮ ነው። ልጅ ሳለች ጎረቤታቸው የነበሩት ሲኞራ ሊንዳ በረንዳቸው ላይ አስቀምጠው፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ እየያዙ አስተማሯት። በ1967 ዓ.ም. አገር ለቀው ሲሄዱ ጊታሩን ለእሷ ተዉላት። ሁለተኛው ያማሃ ከጃፓን ተነሥቶ በጅቡቲ በኩል፣ በነጋዴዋ በፋዱማ የጨርቅ ቦንዳ መሐል ተጠቅልሎ ቀፊራ ገበያ የገባ ነው። ሦስተኛው የቼኮስሎቫኪያ ክሬሞና ሲሆን፣ ፕራግ ተምሮ የመጣ መሐንዲስ በሬዲዮዋ ለወጠላት። አራተኛው የምሥራቅ ጀርመኑ ሙዚማ ነው፤ ለእሱ ደግሞ የወርቅ ጉትቻዋን ሸጠች።

ተሻለች ይህን ስትሰማ ራሷን ይዛ፣ «ሰው ጆሮውን በጉትቻ ያስጌጣል፣ አንቺ ለጆሮሽ ብለሽ ጉትቻሽን ትሸጫለሽ!» አለቻት።

«አንዱ አይበቃሽም ወይ?» ለሚሏት ሁሉ ማዘንጊያ መልስ አላት። «አራት ሰው አንድ ቃል ቢናገር አንድ ዓይነት ይሰማል እንዴ? ኤኮው ሠርገኛ ነው፣ ይጮኻል። ያማሃው ቃሉ የጠራ ነው። ክሬሞናው ትዝታ ይችላል። ሙዚማው ሽማግሌ ነው፣ ዝቅ ብሎ ነው የሚናገረው» ትላለች። ማንም ሰው ሊያስጥላት አልቻለም።

በ1976 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ ከተማው ሁሉ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ሽርጉድ ሲል፣ የቀበሌው የኪነት ኃላፊ ጓድ ጉግሳ ደብዳቤ ይዞ ቤቷ መጣ። ጉግሳ ክፉ ሰው አልነበረም። ሐረር ላይ ለሚደረገው የኪነት ውድድር ሃያ ሰው አሰባስቧል፤ ያለው መሣሪያ ግን አንድ ከበሮና አንድ የተሰነጠቀ አኮርዲዮን ብቻ ነው። ቆሞ ግድግዳውን ቆጠረ።

«ጓድ ማዘንጊያ፣ አንድ ሰው አራት ጊታር በአንድ ጊዜ አይጫወትም።»

«አይጫወትም።»

«እንግዲያው ሦስቱ ትርፍ ናቸው። ትርፍ ቤት ለሕዝብ እንደሆነ ሁሉ ትርፍ ጊታርም ለሕዝብ ነው። ቅዳሜ በስብሰባ ይወሰናል።»

ተሻለች ደነገጠች። «አንዱን አስቀርተሽ ስጫቸውና እንረፍ» ብላ ለመነቻት። ማዘንጊያ ግን ሁለት ቀን ስታስብ ቆይታ፣ ቅዳሜ አራቱንም በጋሪ ጭና ወደ ቀበሌው አዳራሽ ሄደች።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ጉግሳ ጉዳዩን አስረድቶ ሲጨርስ እጇን አወጣች።

«ትርፍ የሚባለው አንዱ ሌላውን የሚተካ ሲሆን ነው» አለች። «እኔ ጀርባዬን እሰጣችኋለሁ። ጓድ ጉግሳ የፈለገውን ጊታር፣ አንድ ክር ብቻ ይንካ። አንዱን ከሌላው ካምታታሁ አራቱንም ውሰዱ።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጉግሳ አንዱን ነካ። «ክሬሞናው» አለች። ሌላውን ነካ። «ሙዚማው።» ሰው መሣቅ ጀመረ። ጉግሳ መልሶ ያንኑ ነካ። «አሁንም ሙዚማው ነው፤ ቀስ በል፣ ክሩ አርጅቷል» አለች። ስምንት ጊዜ ነካ፤ ስምንት ጊዜ ጠራችለት።

«እሺ፣ ጆሮሽ ስል ነው» አለ ጉግሳ ላቡን እየጠረገ። «ሕዝቡ ግን በምን ይወዳደር?»

«በእነዚሁ። ለውድድሩ አራቱንም አመጣለሁ፣ ተጫዋቾቹን እኔው አሠለጥናለሁ። ቀበሌው ደግሞ እስከዚያ የራሱን ጊታር ያሠራ። የራሱ ሲኖረው የእኔ ወደ ቤቴ ይመለሳል።»

«ጊታር እኮ የሚመጣው ከውጭ ነው። እዚህ ማን ይሠራል?»

«በድሩ ይሠራል።»

በድሩ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። መጋላ ሰፈር ውስጥ ባለው የእንጨት ሥራ ማኅበር ካሉት አናጢዎች እንደ እሱ እጁ የተፈታ የለም። ቁም ሣጥኑ ሲዘጋ አየር እንኳ አያሳልፍም ይባልለታል። ስሙ ሲጠራ ብድግ አለ።

«አቦ ተይኝ! ወላሂ፣ ጊታር ሠርቼ አላውቅም።»

«ስትሠራው ታውቀዋለህ» አለችው።

ሰው አጨበጨበ፤ ጉግሳም ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲሰፍር አደረገ።

በድሩ በሦስት ሳምንት የመጀመሪያውን ይዞላት መጣ። ውበቱ ያስደንቃል፤ ዋንዛው እንደ መስታወት ያበራል። ማዘንጊያ ክር ወጥራ አንድ ጊዜ ነካችው። ጊታሩ በትራስ ታፍኖ እንደሚጮኽ ሰው ነበር።

«ቁም ሣጥን ነው የሠራኸው» አለችው።

በድሩ አንገቱን ደፋ። «ነግሬሻለሁ እኮ። እኔ የውጩን ነው ያየሁት። ውስጡ ምን እንዳለ በምን ላውቅ?»

ማዘንጊያ ይህን አላሰበችበትም ነበር። ተነሥታ ከኤኮው ጀምራ የአራቱንም ክሮች አወለቀች። የእጅ መስታወትና ባትሪ አምጥታ ሰጠችው። በድሩ ምንጣፉ ላይ በደረቱ ተኝቶ፣ መስታወቱን በክቡ ቀዳዳ እያስገባ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ዋለ። ተሻለች በበሩ ብቅ ብላ፣ «አራቱም ታመሙ እንዴ?» አለች።

«ማዘንጊያ፣ ነይ እዪ!» አለ በድሩ በመጨረሻ። «ፊታቸው ሥር ማገር አለ። እንደ ቤት ማገር! ግን አንዱ ያደረገውን ሌላው አላደረገም። ይኸኛው እንደ መሰላል አግድም ደርድሮታል። ይኸኛው እንደ ማራገቢያ ዘርግቶታል። ያኛው ደግሞ መስቀለኛ ነው። የእኔ ጊታር ፊት ወፍራም ነው፣ ማገርም የለው።»

«የትኛው ነው ልክ?»

በድሩ ተነሥቶ ተቀመጠ። «ሁሉም ልክ ናቸው። አንድ ብቻ ቢኖርሽ ኖሮ እሱን እገለብጥ ነበር። አሁን ግን ለምን እንደዚያ እንዳደረጉት ገባኝ፤ ማገሩ ሲለይ ድምፁም ይለያል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየምሽቱ ከሥራ ስትወጣ መጋላ ትሄዳለች። እሱ ሳንቃውን ይልጋል፤ እሷ በጣቷ መታ መታ አድርጋ ታዳምጣለች። «ገና ነው» ትላለች፤ ይልጋል። «አሁን ተወው!» ትላለች፤ ያቆማል። ለጊታሩ ፊት ከማሽን ማሸጊያ ሣጥን የወጣ ቀላል ጣውላ አገኘ። ጎኑን በፈላ ውሃ ነክሮ በጋለ ቧንቧ ላይ አጠፈው። ሁለት ተሰበሩበት፤ ሦስተኛው እሺ አለ። ክር ከጅቡቲ በባቡር ነጂዎች አስመጣች። ነሐሴ አጋማሽ ላይ አዲሱን ጊታር ወጥራ ስትነካው በድሩ ፊቷን ያይ ነበር። ፈገግ አላለችም፤ ቁጭ ብላ አንድ ሙሉ ዘፈን ተጫወተችበት። የማኅበሩ አናጢዎች መጋዛቸውን አስቀምጠው ቆሙ።

ሐረር ሲወጡ ቡድኑ አምስት ጊታር ይዞ ነበር። መኪናው ደንገጎ ዳገት ላይ ሲደርስ ብርዱ ክሮቹን ስላጠበቃቸው፣ ማዘንጊያ መድረክ ላይ ከመውጣታቸው በፊት አምስቱንም እንደገና ቃኘች። አራቱን ለሠለጠኑት ተጫዋቾች ሰጥታ የበድሩን ራሷ ያዘች። ሦስተኛ ወጡ። አንደኛ ይገባን ነበር ብላ እስከ መጨረሻው ታምን ነበር፤ ለዳኞቹም ፊት ለፊት ነግራቸዋለች። ከዳኞቹ አንዱ ግን ከመድረክ ስትወርድ አስቁሟት ጊታሩን ገልብጦ አየው።

«ይህ የየት አገር ሥራ ነው? የጀርመን አይመስልም፣ የጃፓንም አይደለም።»

«የመጋላ ነው» አለችው። ዳኛው መጋላ የሚባል አገር ፈልጎ ግራ ገብቶት ሲቆም፣ በድሩን በክንዱ ስባ አመጣችው። «ሠሪው ይኸውልህ።»

በድሩ በዓሉ አልፎ ኅዳር ሳይወጣ ለቀበሌው ሁለት ጊታር ጨመረ። በዚያው ሳምንት ጓድ ጉግሳ የማዘንጊያን አራት ጊታሮች በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ራሱ ከጋሪው አጠገብ በእግሩ እየተራመደ ከዚራ ድረስ አመጣቸው። በሩ ላይ ትንሽ አመነታ።

«ቃለ ጉባኤው ላይ ‹ትርፍ› ያልኩትን አሰርዣለሁ» አላት።

«ሻይ ጠጣ፣ ግባ» አለችው።

በቀጣዮቹ ዓመታት ሰዎች ከሐረርና ከጅጅጋ እየመጡ በድሩን ጊታር ያሠሩት ጀመር። ቁም ሣጥን መሥራቱንም አልተወም። ማዘንጊያ ለራሷ አንድ ያሠራችው በ1979 ነው። ያን ጊዜ እጁ ይበልጥ ተፈትቶ ስለነበር ሳንቃውን መታ መታ አድርጋ እንድታዳምጥለት አልጠራትም፤ ሲያልቅ ብቻ ላከባት። ወጥራ ነካችው፣ ጆሮዋን አስጠግታ ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ይኸኛው ማንንም አይመስልም» አለችው። በድሩም፣ «እንዲህ እንድትዪ ነው የሠራሁት» አላት።