አሥረኛው ውጤት የት ገባ?

ዛሬ ሥራ ላይ አንድ ፕሮግራም ስድስት ሰዓት ሙሉ ይዞኝ ዋለ። ዓይኔ ቀልቷል። ለካ ከአንድ ጀምሬ ቆጥሬ ኖሯል!

ይህንኑ ስህተት በዘጠናዎቹ፣ እስራኤል፣ ሀደራ ከተማ የኮምፒውተር ኩርስ ስማር ሠርቼዋለሁ። ጠዋት ቤት ኤሊዔዘር የሚባል ሰፈር የሕንፃ ደረጃ እወለውላለሁ፣ ከሰዓት ክፍል ገብቼ አንቀላፋለሁ።

አንድ ቀን የአሥር ተማሪዎችን ውጤት በማዓራኽ አስቀምጣችሁ፣ ስልሳና ከዚያ በላይ ያገኙትን አለፉ በሉ ተባልን። ማዓራኽ የዕብራይስጥ ቃል ነው፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ጎን ለጎን የተደረደሩ ቦታዎች ናቸው።

የእኔ ፕሮግራም ከአሥሩ ዘጠኙን ጣለ። ሰማንያ ያገኘችውን እንኳ!

"በቃ፣ ትቼው ልሂድ" አልኩ።

አጠገቤ ተቀምጠው የሚማሩት ጋሼ አለሙ ነበሩ፤ ጎንደር ሒሳብ ያስተማሩ ሰው። "የመጀመሪያው ቦታ ቁጥሩ ስንት ነው ልጄ?" አሉኝ።

"አንድ ነዋ ጋሼ።"

"ዜሮ ነው። ቁጥሩ ከመነሻው ስንት እርምጃ እንደምትርቂ ነው የሚነግርሽ። ለመጀመሪያው ምንም አትራመጂም።"

ከአንድ እስከ አሥር ስለሞላሁ፣ አሥረኛው ውጤት ከረድፉ ውጭ ወድቆ፣ እዚያ የተቀመጠውን የማለፊያ ነጥብ አጥፍቶታል። ስልሳው በአሥረኛው ተማሪ ዘጠና ስምንት ተተክቷል። ከእሱ ሌላ ማን ይለፍ?

አረምኩት፤ ኩርሱንም አለፍኩ።

ጋሼ ግን በመጨረሻው ፈተና ዕብራይስጡ ከብዷቸው ወደቁ። "እኔ ሒሳቡን አውቀዋለሁ፤ አንቺ ሥራ ፈልጊበት" አሉኝና ወደ ሰፈራቸው ወደ ነቬ ሐይም በአውቶቡስ ሄዱ።

እናንተንስ፣ እሱ ሳያልፍ ያሳለፋችሁ ሰው አለ? ስሙን ከታች ጻፉልኝ። ደክሞኛል፣ ግን የጻፋችሁትን አነባለሁ።