ደረቴን ያንኳኩ ጣቶች

የአንኮበሩ ሐኪም አጎቴ ካረፉ ዛሬ አርባ ቀናቸው። ጆሯቸው ታች ቆላ አልዩ አምባ ላይ ትንኝ ስታስነጥስ ይሰማ ነበር ብል፣ ከማጋንናቸው ሁሉ ትንሹ ነው።

በጉብዝናዬ ዘመን ደረቴ አብጦ ትንፋሽ አጠረኝ፤ ጎረቤት ሊተኩሰኝ ብረት አጋለ። እሳቸው ጆሯቸውን ደረቴ ላይ አሳርፈው በጣታቸው እንደ ጠላ ጋን አንኳኩኝ።

«ነቀርሳ አይደለችም፤ ውሃ የቋጠረች ከረጢት ናት። ብረቱን መልሱ!»

«ቢሞትብኝስ፣ ወንድም ጋሼ?» አለች እናቴ።

«ይኼ ለፍላፊ? ሞትም ወሬውን ፈርቶ ይሸሸዋል!»

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ያንኳኩኝና «አላደገችም፤ ሂድ» ይሉኝ ነበር።

ዛሬ ጧት ጉሙ ከቆላው ሲወጣ ደጃቸው ቆሜ ደረቴን ራሴ አንኳኳሁት። ድምፁ ያው ነው። «ሂድ» የሚለኝ ስለሌለ ግን፣ እስካሁን እዚያው ጉም ውስጥ የቆምሁ ይመስለኛል።