የመንኮራኩሯ ሙቀት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለነፍስ አባቴም ጭምር። ጾም በገባ ቁጥር ፊታቸው ቀርቤ የተቆጣሁትን፣ ያማሁትን፣ ሳልጾም የዋልኩትን ሁሉ ዘርዝሬያለሁ። እዚህ ላይ ስደርስ ግን «የሒሳብ ነገር ነው፣ እሳቸው አይገባቸውም» ብዬ እዘለዋለሁ። የማይገባቸው ሒሳቡ ነው እንጂ ኃጢአቱማ ይገባቸዋል።

ላሊበላ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ዘውድነሽ ተማሪዬ ነበረች፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ እኛው ትምህርት ቤት ሒሳብ ማስተማር ጀመረች። አንድ ክረምት፣ በጣም ርቃ የሄደች የአንዲት የጠፈር መንኮራኩር መረጃ ኢንተርኔት ላይ አገኘንና አብረን ያዝነው። ከምድር የሚላክላት የሬዲዮ ሞገድ ተመልሶ ሲመጣ ምን ያህል እንደተለወጠ ታይቶ ፍጥነቷ ይታወቃል። ፍጥነቷ ደግሞ ከሚገባው በላይ ይቀንስ ነበር፤ በጣም ጥቂት፣ ግን ሁልጊዜ።

እኔ ምክንያቱ ምን እንዲሆን ፈለግሁ? ጨለማ ቁስ እንዲሆን። ማንም አይቶት የማያውቀው፣ ከዋክብትን ግን በስበቱ ይዞ ያቆየው ያ ነገር በእኔ እጅ እንዲገኝ ፈለግሁ። አዲስ አበባ በሚደረግ ጉባኤ ላይ ላቀርበው ጽሑፉን በስሜ ልኬ ጨርሼ ነበር።

ጉባኤው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ዘውድነሽ ደብተሯን ይዛ መምህራን ክፍል መጣች። መንኮራኩሯ ራሷ ሙቀት ታወጣለች፤ ሙቀቱ ወደ ፊት ይበልጥ ስለሚወጣ እሷን በጥቂቱ ወደ ኋላ ይገፋታል፤ ሌላ የሚጎትታት ነገር የለም። ስድስት ገጽ ሙሉ ስሌት። አንብቤ ሳልጨርስ ልክ መሆኑን አወቅሁ። አወቅሁ ነው የምላችሁ፤ ተጠራጠርኩ አላልኩም።

«እዚህ ጋ ተሳስተሻል» አልኳት፣ አንዱ መስመር ላይ ጣቴን አሳርፌ። ሌሎቹ መምህራን ይሰማሉ። «ይህን ለሰው ብታሳዪ መሳቂያ ነው የምትሆኚው።»

ብትከራከረኝ ትረታኝ ነበር። «እርስዎ ካሉማ መምህር፣ ተሳስቼ ነው» ብላ ደብተሯን ዘጋች። እንዲህ እንደምትል አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምራ ቃሌን እንድታምን ያደረግኋት እኔ ነኝ፤ የተማመንኩትም በዚያው እምነቷ ነው።

ጉባኤው ላይ አቀረብኩ፣ ተጨበጨበልኝ። እሷ ለሁለተኛ ዲግሪ የጀመረችውን ማመልከቻ ተወችው፤ በዓመቱ ማስተማሩንም ለቃ ኮን ከተማ አንድ ቢሮ ተቀጠረች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የውጭ አገር ተመራማሪዎች ስለዚያችው መንኮራኩር ጻፉ። የራሷ ሙቀት ነው አሉ። አነበብኩት፤ ለእሷ ግን አልላክሁላትም።

ባለፈው ጥር ለለቅሶ ኮን ሄጄ መንገድ ላይ አገኘችኝ። ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝና «ያን ጊዜ ባያስቆሙኝ እኮ በሰው ፊት ልዋረድ ነበር መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ከልቧ ነበር። እኔ ምን አልኩ? «ምንም አይደል» አልኩ። ሕይወቷን አበላሽቼ ምስጋናዋን ተቀበልኩ። በመጀመሪያው ቀን ያሸነፈኝ ዝና ነው ልበል፤ በዚህ ቀንስ ምን ነበር ያሸነፈኝ?

ልጅነት ነው እንዳልል አርባ ዓመት አልፎኝ ነበር። እናንተን ይቅርታ አልለምንም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም።

ዘውድነሽ፣ ይቅር ባትይኝ አልቀየምሽም። ስሌትሽ ግን ልክ ነበር። ተሳስተሻል ስልሽም አውቅ ነበር።